ጋሽ ሸዋንግዛው የፎከሩ ዕለት

ጋሽ ሸዋንግዛው ሞቱ ሲሉኝ ከአፌ የወጣው "ማን ፈቅዶላቸው?" የሚል ነው። ዊንጌት ታክሲ ተሰልፌ ነው የድሮ ጎረቤታችን ልጅ አግኝታኝ የነገረችኝ፤ ደንግጣ አየችኝ። ምን ላድርግ፣ ስደነግጥ አፌ ይቀድመኛል። እኚያ ሰው እኮ ነብር ያልቻላቸው፣ በረዶ ያልቻላቸው፣ ካድሬ ያልቻላቸው ናቸው። "ዘጠና አልፏቸዋል እኮ፤ አልጋቸው ላይ ተኝተው በሰላም ነው ያረፉት" አለችኝ። ታክሲው መጣ፣ ሰዉ ተጋፍቶ ገባ፣ እኔ ቀረሁ። ቆሜ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እሳቸውን ሳስብ ሳቄ መጣ። አጠገቤ ሎተሪ የሚያዞረው ልጅ አበደች ሳይለኝ አልቀረም።

ጋሽ ሸዋንግዛው በደርግ ጊዜ ጉለሌ፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበሩ። ሱቃቸው ማለት አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ፣ አንድ ክሪክ፣ አንድ የእጅ መንፊያና በርሜል ለሁለት ተቆርጦ የተሠራ የውሃ ገንዳ ነው፤ በቃ። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ወደ ግራ ዘንበል ይላሉ፤ ምክንያቱም የቀኝ እግራቸው ጣቶች የሉም። እኛ ልጆች "ጋሼ፣ ጣቶችዎ የት ሄዱ?" ስንላቸው "ብርድ በላቸው" ይሉናል። በሳቅ እንሞታለን። የጉለሌ ብርድ ጆሮ ያቀላል እንጂ ጣት ሲበላ ማን አይቶ። እሳቸው አይስቁም፤ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ ገንዳው ውስጥ እየነከሩ አረፋ መውጫውን መፈለጋቸውን ይቀጥላሉ።

ውሸት ላይ ግን ሰውዬው በሽታ ነበረባቸው። ልጅ ከዋሸ "ነይ ወዲህ፣ ገንዳው ውስጥ ልንከርሽ፤ ውሃ አይዋሽም፣ ቀዳዳሽን ያሳየናል" ይላሉ። ትልቅ ሰው ከዋሸ ደግሞ ጭራሽ አያስተርፉትም። አንድ ጊዜ የአንድ ነጋዴ ሾፌር መጥቶ "ጋሼ፣ ይህ ጎማ አይጠገንም ብለው ለጌታዬ ይንገሩልኝ፤ አዲስ ይገዛልኝና አሮጌውን ሸጠን እንካፈላለን" አላቸው። ቀስ ብሎ ነው ያላቸው፣ በጆሮ። እሳቸው ብድግ ብለው መንገዱ ማዶ ላለው ለነጋዴው "አቶ እንትና፣ ይህ ልጅ ጎማህን ሊሸጥብህ ነው፤ ጎማው ግን ደህና ነው፣ ና ውሰድ" ብለው ጮሁለት። ሾፌሩ ከሥራ ተባረረ፣ ሌሎቹ ሾፌሮችም ፈርተው ሌላ ጎሚስታ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። ሚስታቸው እትዬ በላይነሽ "እውነትህን በልተን እንደር እንግዲህ" ሲሏቸው "ጨው ጨምሪበት" አሉ ይባላል።

አሁን ወደ ነብሩ ልምጣ፤ ደሜ ገና ስጀምረው ይሞቃል።

ያን ዓመት ከቁስቋም በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ነብር ወረደብን። መጀመሪያ ውሾች ጠፉ። ቀጥሎ የጋሽ ቱሉ በጎች። ጋሽ ቱሉ ሸጎሌ በግ የሚነግዱ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ሰው የሚያስቁ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሦስተኛው በግ ሲበላ ግን ቀልዱን ትተው ቀበሌ ሄዱና ጠረጴዛ መቱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታደለ ይባላል። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ካኪ የማይለየው፣ ከሌላ ሰፈር መጥቶ የቀበሌ ቤት ተሰጥቶት ከአሮጊት እናቱ ጋር የሚኖር ሰው ነው። በድምፅ ማጉያ "የነብሩ ጉዳይ በሰፊው ሕዝብ የተባበረ ክንድ እልባት ያገኛል" ብሎ አወጀ። ነብሩ የሰማ አልመሰለንም፤ በማግስቱ አራተኛውን በግ ወሰደ።

አደን ይወጣ ተባለ። ሕዝቡ መሣሪያውን ካስረከበ ቆይቷል፤ ያለው ጠመንጃ የቀበሌው አንድ ምንሽር ነው፣ እሱም አብዮት ጥበቃው ጌታሁን ትከሻ ላይ ነው። የቀረው ሰው ዱላና ጣሳ ይይዛል፤ ጣሳው እየተቀጠቀጠ ነብሩን ከታች ወደ ላይ ለማባረር ነው። ውሻ ደግሞ ያስፈልጋል። በሰፈሩ የተረፈው ደፋር ውሻ የኛው ቻለው ብቻ ነበር። ችግሩ፣ ቻለው ከኔ በቀር ሰው አይሰማም። አባቴ ሲጠራው እንኳ ተኝቶ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። ጌታሁን መጥቶ በገመድ ቢጎትተው በራችን ላይ ቁጭ አለ፣ ሙት ብሎ። ሰውዬውን አንገቱ ድረስ አላበው።

"እንግዲህ ልጅቷ ትሂድ" አሉ ጋሽ ቱሉ።

"ሴት ልጅ? አደን?" እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። "ነብሩ በግ አልበቃው ብሎ ነው?"

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እግሯ ሥር ተደፍቼ ለመንኩ። ብዙ ከተለመነች በኋላ "ሸዋንግዛው አብሮ ከሄደና ከዓይኑ ካላራቃት" አለች። ሄደው ጠየቋቸው። ጋሽ ሸዋንግዛው "እኔ ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ሚዳቋ አድኜ አድኜ ጠግቤአለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጠግቤአለሁ" ብለው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ልጅቷን ለመጠበቅ ከሆነ ግን እሺ።"

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ሃምሳ የሚሆን ሰው ጣሳ ሲቀጠቅጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተራራው ራሱ የሚነቃነቅ ነው የሚመስለው። እኔ፣ ቻለው፣ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጋሽ ቱሉ፣ ጓድ ታደለና ጌታሁን ከላይ፣ ገደሉ አፍ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ጌታሁን ሰልፍ ላይ ሲያሳምር አይተነዋል እንጂ ሲተኩስ ያየው የለም። ጋሽ ቱሉ "ጌታሁን፣ ጥይቱ በየትኛው በኩል ነው የሚወጣው? እንዳንቆም ነው" እያሉ ይተናኮሉታል። ጋሽ ሸዋንግዛው ዝም ብለው የባሕር ዛፉን ቅጠል ያያሉ፣ ንፋሱ በየት እንደሚነፍስ። የዚያን ዕለት ፊታቸው ሌላ ሰው ነበር፤ ጎሚስታው አልነበሩም።

ቻለው ድንገት ቀጥ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ብድግ ብድግ አለ። ከዚያ ነብሩ ከቁጥቋጦው ወጣ።

ወይኔ እናቴ፣ ማማሩ። እስከ ዛሬ እንደሱ ያለ የሚያምር ነገር አላየሁም። ሳይቸኩል ነው የወጣ፣ ቤቱ ያለ ይመስል። ጌታሁን ጠመንጃውን አነሣ፣ ጠመንጃው ከእጁ አመለጠና ድንጋይ ላይ ወደቀ። ቻለው ዘሎ ነብሩን ገጠመው። አንድ ጊዜ ተገለበጡ፣ የቻለውን ጩኸት ሰማሁ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ራሴን አላውቅም፤ "ውሻዬን!" እያልኩ ወደ ነብሩ ሮጥኩ። ሞኝ ብቻ የሚሠራው ሥራ ነው። ነብሩ ውሻውን ትቶ እኔን አየኝ። ዓይኑ ቢጫ ነው። በዚያው ቅጽበት አንድ እጅ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨምድዶ መሬት ላይ ጣለኝ፣ ከራሴ በላይ ጧ አለ፣ ነብሩም ሊዘል እንደተነሣ ተጣጥፎ ወደቀ። ቀና ስል ጋሽ ሸዋንግዛው አንድ ጉልበታቸውን ተክለው፣ ምንሽሩን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ነበሩ። አንድ ጥይት ናት። ሌላ አላስፈለገም።

ቻለው እየተንከላወሰ መጣ፤ ጆሮው ተሰንጥቋል፣ ሌላው ደህና ነው። ማልቀስና መሳቅ ተምታታብኝ። ከታች የነበረው ሰው ሁሉ ጣሳውን እየጣለ ሮጦ ወጣ። ጋሽ ቱሉ የነብሩን ጭራ ይዘው "በጌ! በጌ እዚህ ሆድ ውስጥ ናት!" ይላሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጋሽ ሸዋንግዛው ዞረ።

"ፎክሩ!"

"አይሆንም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። ጠመንጃውን ለጌታሁን መለሱለት።

አይሆንም አይባልም። ነብር የገደለ ሰው ካልፎከረበት ገደለ አይባልም፤ ሽማግሌዎቹ "ደሙ ይከተልሃል" ይላሉ። ጓድ ታደለ ራሱ ሞቅ ብሎት "ባህላችን ነው ጋሽ ሸዋንግዛው፤ ሰፊው ሕዝብ ባህሉን መጠበቅ አለበት፤ ይፎክሩ እንጂ" አለ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ አንዱ ቀረርቶ አወረደ፣ እኔ እንኳ ከመሬት ሳልነሣ "ጋሼ ይፎክሩ" እላለሁ። በዚህ ላይ ፉከራ ሥርዓት አለው። የዛሬውን ገድል ብቻ ነጥሎ መጥራት ነውር ነው፤ ከቀድሞው ጀምረህ፣ የትና ምን እንደገደልክ ቆጥረህ ነው ወደ ዛሬው የምትመጣው። የዋሸ ደግሞ አለቀለት። እሳቸው ሲታገሉ አየኋቸው፤ መንጋጋቸው ይንቀሳቀሳል። ቀረርቶው ከፍ ሲል ግን አልቻሉም፤ አጠገባቸው የቆመውን ሰው ዱላ ነጥቀው ብድግ አሉ፦

"ዘራፍ! ዘራፍ!
ባሕር ተሻግሮ ኮርያ የዋለ፣
በረዶ ለብሶ ጠላት የጣለ፣
ጓዱን በሜዳ ትቶ ያልመጣ፣
ካልጠሩት በቀር ከቤት አይወጣ!"

ሰውነቴ ውርር አለኝ። ያ ዘንበል ብሎ የሚሄደው ሰውዬ ቀጥ ብሎ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ ድምፁ ገደሉን አልፎ ሲሄድ። ከዚያ ነብሩንም ጠሩት፣ ግን ያንን የሰማ አልነበረም። ጭብጨባው እዚያችው "ኮርያ" የምትል ቃል ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ዛሬ ለተወለደ ሰው ላስረዳ። ያኔ ሰሜን ኮርያ የመንግሥት የልብ ወዳጅ ናት። በንጉሡ ጊዜ ኮርያ ድረስ ሄዶ እነሱን የወጋ ሰው "የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ" ነው የሚባለው። የሰፈሩ ትልልቆች ጋሽ ሸዋንግዛው እንደዘመቱ ያውቃሉ፤ አንድ ቀን ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ከዚያው ከጉለሌ አንድ የጦር ጓደኛቸው ለዚሁ ነገር ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል። እሳቸውም ስለማይዋሹ የነበራቸው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ዝም ማለት። ይኸው ዝምታቸው ሊቀመንበሩ ፊት ተሰበረ። የጓድ ታደለ ፊት አመድ መሰለ። ሰው ሁሉ እግሩን ያያል።

ያን ጊዜ ጋሽ ቱሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ዘለው ወጡ።

"ዘራፍ! የቱሉ በትር ቀጭኗ ሽመል፣
አሜሪካንን ያስጣለች አመል!"

ጋሽ ቱሉ እኮ ከሱሉልታ አልፈው አያውቁም። ሰዉ ለአንድ አፍታ ፈዘዘ፤ ከዚያ ገባው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ሸማኔው ተነሥቶ ጃፓንን ብቻውን እንዳቃጠለ ፎከረ። ዳቦ ጋጋሪው ናፖሊ ድረስ በዋና ሄዶ ጣልያን ማረከ። ጠመንጃ የጣለው ጌታሁን፣ ምስኪን፣ ላቡን ጠርጎ "ዘራፍ፣ የቪየትናም ገዳይ!" አለ። እኔም ተነሥቼ "ዘራፍ፣ እኔና ቻለው ቻይናን!" ብዬ ጮህኩ፤ ማንም ሴት አይፎክርም አላለኝም። ተራራው ላይ በዓለም ያልተዘመተ ጦርነት አልቀረም። ሰዉ እየሳቀ፣ እያለቀሰ፣ እየዘለለ የጋሽ ሸዋንግዛውን አንዲት እውነት በሃምሳ ውሸት አፈር አለበሳት። ጓድ ታደለ አንዱን ካንዱ ሲያይ ቆይቶ "እንውረድ" አለ።

እትዬ በላይነሽ ወሬው ሲደርሳቸው እኛ ቤት መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ። "አሥር ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን ሰውዬ ነብር ወሰደብኝ" እያሉ አለቀሱ። ከዚያ ባላቸውን አስጠሩና እናቴ ፊት ለመኗቸው። "ሰው ሁሉ በር ከፍቶልሃል። ከጠየቁህ 'ጉራ ነው' በል፤ አንዲት ቃል ናት። እንኳን አንተ ያቺ ሕፃን ቻይናን ፈጅታለች።"

"የፎከረ አይክድም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

"ይገድሉሃል እኮ።"

"እሱን እነሱ ያውቃሉ።"

አንድ ሳምንት አልሞላም፤ ስብሰባ ተጠራ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አንድ ካድሬ መጥቶ ከጓድ ታደለ ጎን ተቀምጧል። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ቤት ውስጥ። "በዚህ ቀበሌ ኮርያ የዘመተ ቅጥረኛ በአደባባይ ፎክሯል ተብሏል" አለ። "ማነው?"

ጋሽ ቱሉ ቀድመው ተነሡ። "ጓድ፣ እኔ አሜሪካን ነው የመታሁ። ይቅርታ ጠይቅ የምባል ከሆነ ግን መጀመሪያ በጎቼን መልሱልኝ።" ሰው ሳቀ። ካድሬውም ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሸማኔው ተነሣ፣ ዳቦ ጋጋሪው ተነሣ። እኔ እናቴ አፌን በእጇ ይዛ ነው እንጂ ልነሣ ነበር። ነገሩ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ሊያልፍ፣ እፎይ ልንል አንዲት ስንዝር ሲቀር ጋሽ ሸዋንግዛው ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። እትዬ በላይነሽ ኮታቸውን ይዘው ወደ ታች ይጎትታሉ። እሳቸው ከነሚስታቸው ቆሙ።

"የሌላው ጨዋታ ነው" አሉ። "እኔ የፎከርኩት እውነት ነው።"

ካድሬው መነጽሩን አወለቀ።

ያን ጊዜ ጓድ ታደለ ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ጠረጴዛ እየመታ፣ እስኪያስለው ሳቀ። "ጓድ፣ እኚህን ሰውዬ አታውቃቸውም" አለ ለካድሬው። "ጉረኛ ናቸው። የሰፈሩ ጉረኛ። ባለፈው ወር ጎማ ሲጠግኑልኝ ጨረቃ ላይ ወጥቼ ነበር ብለውኛል።"

"እኔ?" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። "መቼ ነው ጨረቃ ያልኩህ?"

ሳቅ ፈነዳ። ሰዉ ገብቶታል፤ ሊቀመንበሩ ገመዱን ወርውሯል፣ መሳብ የኛ ፈንታ ነው። "ለኔም ነግረውኛል!" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "መሰላል ይዘው ነው የወጡት!" አሉ ጋሽ ቱሉ። ጋሽ ሸዋንግዛው በተቆጡ ቁጥር፣ "ውሸታሞች! ውሸታሞች ናችሁ ሁላችሁም!" ባሉ ቁጥር ሳቁ ይጨምራል። እንባዬ እየፈሰሰ ነው የሳቅኩት። ካድሬው በመጨረሻ እሱም ሳቀና "ሽማግሌ አትሰብስቡብኝ" ብሎ መነጽሩን መለሰ። እትዬ በላይነሽ ባላቸውን እየገፉ ሲያወጡ ሰውዬው በር ላይ ዞረው "ጨረቃ አላልኩም!" አሉ።

ዳኑ። እሳቸው ግን እንደዳኑ አልቆጠሩትም። እንደዚያ የተናደደ ሰው አላየሁም። ከሰፈሩ ሰው ጋር ሰላምታ አቆሙ፤ ጋሽ ቱሉ "እንዴት አደርክ" ሲሏቸው ወደ ገንዳው ያጎነብሳሉ። ልጆች "ጋሽ ጨረቃ" እያሉ ሲያልፉ ብሎን ይወረውራሉ። ነፍሳቸውን አትርፈንላቸው በዓለም ላይ ያለቻቸውን አንድ ሀብት ወስደንባቸዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው ውሸታም ተብለዋል፣ ያውም በአደባባይ፣ በሳቅ። የሚያናግሩት እኔንና ቻለውን ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቃቸው እየሄድኩ አሮጌ ጎማ ላይ እቀመጣለሁ፤ የቻለውን ጆሮ ያያሉ፣ "ይድናል" ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓድ ታደለ አንድ ጎማ እያንከባለለ መጣ። ያለ ካኪው፣ በሹራብ። "ተንፍሷል መሰለኝ" አለ። ጋሽ ሸዋንግዛው ሳያዩት ተቀበሉት፣ ካላማዳሪውን አውጥተው ነፍተው ገንዳው ውስጥ ነከሩት። ዞር፣ ዞር አደረጉት። አረፋ የለም።

"ደህና ነው" አሉ። "ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?"

ጓድ ታደለ እኔን አየኝ። "ልጅቷ ትሂድ።"

"እሷ ነብር ያየች ናት። ትቀመጥ።"

ጓድ ታደለ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ልጅ ይመስል። "አባቴ እዚያ ቀርቷል" አለ። "ኮርያ። በመጀመሪያው ዙር የሄደ ነው። እኔ ገና መራመድ መጀመሬ ነበር አሉ። እናቴ ለሰው በበሽታ ሞተ ነው የምትል፣ እኔም ለድርጅቱ እንደሱ ነው የነገርኩ።" ሰው እንዳይሰማ መንገዱን ዞር ብሎ አየ። "አሥር አለቃ ወልደሰንበት ነው ስሙ። ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ያኔ ተራራው ላይ ሲፎክሩ... ማለቴ፣ እዚያ የነበረ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ምናልባት ያውቁት ይሆን?"

ጋሽ ሸዋንግዛው እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ። ሲጠርጉ ቆዩ። እኔ እንኳ "ኧረ ይናገሩ" ልል ደርሼ ነበር።

"አውቀዋለሁ" አሉ።

ጓድ ታደለ እጁ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተጣበቀ።

"ወልደሰንበት። እንዴ፣ እንዴት ይረሳል። ቀይ ሰው።"

"እናቴ ጠይም ነው የምትለው።"

"ጠይም፣ አዎ፣ ጠይም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፤ ላብ ግንባራቸው ላይ አየሁ። "በበረዶው ሁላችንም ነጥተን ስለነበር ነው። ጎበዝ ነበር። ፈሪ አልነበረም።"

"ይዘፍን ነበር?"

"ያንጎራጉራል። ሌሊት ምሽጉ ውስጥ ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል፣ ብርዱን ያስረሳናል። ስለ ልጁም ያወራል። መራመድ ጀምሯል ይለናል፣ ሰልችቶን ተውና አስተኛን እስክንለው።"

"ስለኔ?"

"ሌላ ልጅ አለው እንዴ?"

ጓድ ታደለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጋሽ ሸዋንግዛው ጎማ እንደሚነካ ሰው ጀርባውን አንዴ መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ተነሥቶ ቁልቁል በፍጥነት ሄደ።

እኔ ቁጭ ብዬ ቀርቻለሁ። "ጋሼ፣ እውነት ያውቁታል?"

"የመጀመሪያው ዙር ሰዎች አገራቸው ከገቡ በኋላ ነው እኔ መርከብ ላይ የወጣሁት" አሉ። ክሪኩን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። "ዓይቼው አላውቅም።"

"ታዲያ ዋሹ?"

"ዋሸሁ" አሉ። "ጎማውን ረስቶታል። ሂጂ፣ አድርሽለት።"

ጎማውን እያንከባለልኩ፣ ቻለው እየተከተለኝ ወረድኩ። ጓድ ታደለ ደጃፉ ላይ ከእናቱ እግር ሥር ተቀምጦ ነበር። "ያንጎራጉር ነበር አሉ" ይላታል። "ሌሊት ሌሊት። ስለኔም ያወራ ነበር አሉ።"

አሮጊቷ ጭንቅላቱን ማሻሸታቸውን አቆሙ፣ መልሰው ጀመሩ።

"አዎ ልጄ" አሉት። "ድምፅ ነበረው።"

ጎማውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወጣሁ።